የጥብስ ሸክላ ትዕዛዝ

ሻሺቱ ረጅሙን እንጨት ወደ አመዱ ሰዳ ሦስተኛውን ድስት ስታወጣ ድስቱ ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰነጠቀ። ድምፁ ጠብ ከሚል ውሃ አይበልጥም፤ ሸክላ ሠሪ ግን ያን ድምፅ ተኝታም ትሰማዋለች። እንጨቱን ጥላ፣ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ጭቃው በደንብ አልታሸም ነበር። ያልታሸው ደግሞ እጇ ስላመማት ነው። ይህን እሷ ታውቃለች፤ አጥሩን ተደግፎ የቆመው ደላላ ግን እንዲያውቅባት አልፈለገችም።

"አንዱ ተበላሸ ማለት ነው?" አለ እንድሪያስ።

"እሳቱ ነው" አለችው።

"እሺ፣ እሳቱ ይሁን። እኔ ለዚያ አልመጣሁም።" ስልኩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "በአባያ ሐይቅ በኩል የሚሠራው አዲሱ ሆቴል ለገና ይከፈታል። የጥብስ ሸክላ ፈልገዋል፤ ከሥሩ ከሰል የሚይዘውን። ሦስት መቶ። ቀብዱን አሁኑኑ እንስጣት ብለዋል።"

"ሦስት መቶ?"

"ሦስት መቶ። ላንቺ የዓመት ገበያ ነው።"

ሻሺቱ የእጇን አንጓ አሳየችው። በጨርቅ ጠቅልላዋለች፤ ከጨርቁ በላይና በታች ያለው ሥጋ አብጧል። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ለጥቂት ወራት ጭቃ እንዳትነካ መክራት ነበር። ነርሷ ጥሩ ልጅ ናት፤ ጭቃ ካልነካች ምን እንደምትበላ ግን ሳትነግራት ነው ያሰናበተቻት።

"በዚህ እጅ?" አለችው። "ሌላ ሰው ፈልግ።"

"የሌላውን አይተው አልወደዱትም፣ ሻሺቱ። ያንቺን ነው ያሉት።"

"ቀብድ በልቼ ባላደርስ ቤቴን ልታፈርስ ነው?"

እንድሪያስ ወደ ቤቱ አየት አድርጎ ሳቀ። ለማፍረስ የሚያስቸግር ቤት አልነበረም። "እስከ ማታ አስቢበት። ስልኬን አላጠፋም" ብሎ ቁልቁል ወረደ።

ፌቨን ከቤት ብቅ ያለችው ደላላው ከሄደ በኋላ ነው። ሰው ካለ ወደ እሳቱ አትወጣም፤ አመዱ ያስነጥሰኛል ትላለች። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ ሸራ ጫማዋን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ተጫምታለች። ከዚያ ጓሮ በዚህ ንጽሕና የሚወጣ ሰው ማየት ለሻሺቱ ሁልጊዜ ይደንቃታል፤ ደስም ይላታል።

"ነገ የኮሌጁ ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነው" አለቻት ሻሺቱ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በጋሞኛ ነው።

"አውቃለሁ።"

"በጠዋት አብረን እንሂዳ።"

"አብረን?" አለች ፌቨን ቶሎ ብላ። "አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ሰልፉ ረጅም ነው፤ ይደክምሻል።"

"እንግዲያው ትመዘገቢያለሽ ማለት ነው።"

"እንደዚያ አላልኩም፣ እማዬ።"

የፌቨን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጥቂት ነጥብ ጎድሎ ከቀረ ወዲህ በዚያ ቤት የሚወራው ይኸው ብቻ ነው። የከተማው መምህራን ኮሌጅ ተቀብሏታል። ክፍያ የለውም፤ እንዲያውም የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፤ ስትጨርስም ሥራ ትመደባለች። ከቤት ተነስቶ በእግር የሚደረስ ነው። ፌቨን ግን ሀዋሳ ያለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አካውንቲንግ፣ በዲግሪ። ክፍያው በየሴሚስተሩ ነው፤ የቤት ኪራዩና ቀለቡ ለብቻ። ሻሺቱ መጀመሪያ የሰማች ዕለት ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር።

ፌቨን አንድ ቀን "የእዚህ ትምህርት ደካማ ነው" ትላለች። ሌላ ቀን "ደጋ ላይ ተመድቤ ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃ ስረግጥ ልኑር?" ትላለች፤ ያለችው ለማን እንደሆነ ትዝ ሲላት ደግሞ ትደነግጣለች። አንዳንዴ ምክንያት ሁሉ አልቆባት ዝም ብላ ታለቅሳለች። ሻሺቱ እያንዳንዱን በየተራ ሰምታ አንዱም አልገባ አላት። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ለከንቱ ነገር የምትሞትም አይደለችም። ታዲያ ምን ነካት?

ሻሺቱ የምትመኘው ትንሽ ነገር ነበር። ባሏ ደግፌ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ያለው ድምፅ የልጇ ድምፅ ብቻ ነው። ፌቨን መምህርት ሆና፣ እጅጌዋ ላይ የጠመኔ ብናኝ ይዛ ማታ ማታ ስትገባ በሐሳቧ አይታታለች። እጇ ፈጽሞ እምቢ ባለ ቀን አጠገቧ ሰው እንዲኖር ትፈልጋለች። ይህን ለልጇ ነግራት አታውቅም፤ ልመና መሰላት።

"ከሀሌሉያ ጋር ተቀጣጥረናል" አለች ፌቨን፣ በሩን እያለፈች። "ማታ እናወራለን።"

ሀሌሉያን ሻሺቱ በስም ብቻ ነው የምታውቃት፤ የልጇ የክፍል ጓደኛ፣ አባቷ የዞን ሹም። ቤታቸው አልመጣችም፤ ሻሺቱም ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት የተኮሰቻቸውን ድስቶችና ጀበናዎች በደረቅ የኮባ ቅጠል እየለየች አሰረችና አዝላ ከሠፈሯ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ገበያ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። የባጃጅ ሾፌሮች ሸክላ አይጭኑም። ይሰበራል ይላሉ። እንቁላል ግን ይጭናሉ።

የሸክላ ሠሪዎች ቦታ ከገበያው ዳር፣ ከእህል ተራው ማዶ ነው። እዚያ ዕቃ የሚሸጥበት ወግ አለ። ገዢ ገንዘቡን በሸክላ ሠሪ እጅ አይሰጥም፤ ከፊቷ ባነጠፈችው ኬሻ ላይ ይጥልላታል። እሷም መልሱን በኬሻው ላይ ታስቀምጣለች፤ ገዢው ጎንበስ ብሎ ያነሳል። የደነገገው ሰው የለም፣ የሚስተውም የለም። ያሁን ልጆች እየተዉት ነው። አልፎ አልፎ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብሩን በእጇ ሲያስይዛት ሻሺቱ ድንግጥ ትልና ቀኑን ሙሉ እሱን ታስባለች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ መጡ። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው፤ ከሰሜን መጥተው እዚህ አገር ወልደው ከብደዋል። ሻሺቱ በደንበኝነት ታውቃቸዋለች። ድስት ሲገዙ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ነው፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ገንዘባቸውንም እንደ ሰው ሁሉ ኬሻው ላይ ነው የሚጥሉት።

"ዛሬ ትልቁን ነው የምፈልገው" አሉ። "ነገ ልጄ ኮሌጅ ትመዘገባለች። ለጓደኞቿ ትንሽ ነገር ልሠራላቸው ነው።"

"እንኳን ደስ አለሽ፣ እትዬ" አለች ሻሺቱ። በአማርኛዋ "አንቱ" እና "አንቺ" ብዙም አይለዩም፣ ወንድና ሴትም ይደባለቃሉ፤ ወይዘሮዋም ለምደውታል። "የት ነው የሚማረው?"

"እዚሁ ነው። አባቷ ከዓይኔ አትራቅ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ጓደኛዋ ናት፤ አንድ ላይ ቢማሩልኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ጨዋ ልጅ ናት። እናቷ ግን ሀዋሳ ካልሄደች ብለዋል አሉ። ነጋዴ ናቸው፣ ሶዶ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። እሷ እዚህ ያለችው አክስቷ ዘንድ ነው።"

"ሰው ልጁን በሩቅ ማስተማር ይወዳል" አለች ሻሺቱ፣ የራሷን ነገር እያሰበች።

"ይኸው መጡልኝ፤ ለሸክም ቀጥሬያቸው ነው። ሀሌሉያ! በዚህ በኩል!"

ሻሺቱ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ነጩን ሸራ ጫማ ነው።

ፌቨን እንደ እንጨት ደርቃ ቆማለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ከአጠገቧ ያለችው ቀይ ልጅ ክንዷን ይዛ እየሳቀች አንድ ነገር ትነግራታለች፤ ፌቨን አትሰማትም። የልጇ ፊት እንዲህ ሆኖ ሻሺቱ ያየችው አንዴ ብቻ ነው፤ በልጅነቷ ወንዝ ዳር አንሸራትቷት ውሃው ሊወስዳት ሲል። ያን ዕለት ሻሺቱ ከነልብሷ ነበር የገባችው።

ሶዶ ያለችው ነጋዴ፣ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠው እናት ማን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባት። የትምህርቱ ድክመት፣ የደጋው ጭቃ፣ ምክንያት የሌለው ልቅሶ ሁሉ ባንዴ ገባት። ቢሆንም ዓይኗን ከልጇ ላይ ነቅላ ወደ ወይዘሮዋ መለሰች።

"ልጅሽ መጣ፣ እትዬ?" አለች።

ሀሌሉያ ፍርፍር ብላ ሳቀች። "መጣ!" አለች ለፌቨን፣ በጆሮዋ ሹክ ብላ፤ ሹክታዋ ግን ይሰማል። ፌቨን አልሳቀችም። አላለቀሰችም። መሬት መሬቱን አየች።

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ልጃቸውን ገላመጡና መቶ ብር ኬሻው ላይ ጣሉ። "በይ ፌቨን፣ አንቺ አስተዋይ ስለሆንሽ መልሱን ተቀበዪልኝ። እኔ እንዲህ ጎንበስ ስል ወገቤ አይችልም።"

ሻሺቱ ከመቀነቷ ብሮቹን ፈትታ አወጣች። ልጇ እጇን ዘርግታለች። ይህን እጅ ሻሺቱ አጥባዋለች፣ ጥፍሩን ቆርጣዋለች፣ በትኩሳት ሌሊት ይዛው አድራለች። አሁን ወደ እሷ ተዘርግቷል። ወይዘሮዋ ከላይ እያዩ ነው። ሻሺቱ ብሮቹን በኬሻው ላይ አስቀመጠችና እጇን ሰበሰበች።

ፌቨን ጎንበስ ብላ አነሳች።

"ድስቱን ከሥሩ ያዙት" አለች ሻሺቱ። "በጆሮው አይያዝም።"

ሄዱ። ሻሺቱ ከዚያ በኋላ የሸጠችውን ስትሸጥ ዋጋውን ማን እንደተናገረው አታውቅም፤ አፏ ብቻውን ይሠራ ነበር።

ስትመለስ ዳገቱ ባዶ ጀርባዋን ከጠዋቱ ሸክም አብልጦ ከበዳት። የኮሌጁ በር የሚገኘው እሷ በገበያ ቀን በምታልፍበት መንገድ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ልጆች በቡድን በቡድን እየሆኑ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ለሁለት ወር ሙሉ በዚህ ባለፈች ቁጥር ፌቨን ከመካከላቸው ትታያት ነበር። አሁንም ታየቻት፤ ከሀሌሉያ ጋር ተያይዛ ስትወጣ፣ ሸክላ ያዘለች ሴት ስታይ ፊቷን ወደ ግንቡ ስታዞር። ሻሺቱ በልጇ አልተቆጣችም። መቆጣት ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ደክሟታል።

ቤት ስትደርስ ፌቨን ጓሮ ነበረች። ሸራ ጫማዋን አውልቃ፣ አሮጌ ቀሚስ ለብሳ የጠዋቱን አመድ ታፍሳለች። ከእሳቱ የተረፉትን ድስቶች ጠርጋ ደርድራቸዋለች። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ነክታቸው አታውቅም። ከታች ቀዩ አባያ የመጨረሻውን ብርሃን ይዞ ተኝቷል።

"ነገ እዚሁ እመዘገባለሁ" አለች፣ ቀና ሳትል። "ሀዋሳው ይቅር።"

ሻሺቱ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ስትለምነው የከረመችው ቃል ነበር። መጣላት፤ ሲመጣላት ግን ደስታው አብሮት አልመጣም።

"ሀሌሉያስ?" አለች።

"ሀሌሉያ ምን?"

"አንድ ላይ ልትማሩ ነው።"

ፌቨን አመዱን ማፈስ አቆመች። "እነግራታለሁ።"

"መቼ?"

"እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ!"

ሻሺቱ፣ ልጇ ልትነግራት እንደምትፈልግ አመነች። እንደማትነግራትም አመነች።

"ለምን በእጄ አልሰጠሽኝም?" አለች ፌቨን ድንገት።

"ሴትዮዋ እያየች?"

ፌቨን አመድ በነካ እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። እያለቀሰች ተናገረች፤ ሻሺቱ ሁሉንም አልሰማችውም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የአንዲት ልጅ ቤት ሄዳ ነበር። ምሳ በሉ፤ የእናቷን ሥራ ጠየቋት፣ ተናገረች። ስትወጣ የበላችበት ሳህን ከሌሎቹ ተለይቶ ከደጅ፣ ከዶሮዎቹ ጋር ተቀምጦ አየችው። በማግስቱ ወንበሯ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ትምህርት ቤት ስትቀይር የእናቷንም ሥራ ቀየረችው።

"ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊልኝ ነበር?"

ሻሺቱ አሰበች። "ምንም" አለች።

ከሠፈሩ በላይ አንድ ሰው ፍየሉን ይጣራል። ሻሺቱ ከእጇ አንጓ ላይ ጨርቁን ፈትታ እንደገና አጥብቃ ጠቀለለችው፤ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ቋጠረችው።

"አትመዝገቢ" አለች።

"ምን?"

"ነገ እንዳትሄጂ። ሀዋሳ ትማሪያለሽ።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ተውኩት። ከልቤ ነው የተውኩት!"

"አውቃለሁ። እዚህ ከሆንሽ ግን በየገበያው ቀን ልንተላለፍ ነው። አንቺ ፊትሽን ታዞሪያለሽ፤ እኔም እንዳላየሽ እሆናለሁ። ዛሬ አንዴ ሆኜው አየሁት። በየሳምንቱ አልችለውም፣ ፌቨን። እዚያ ብትክጂኝ አላይም። ስትመለሺ ልጄ ነሽ።"

"አልክድሽም!"

"እሺ፣ አትክጂኝ። ስልኩን አምጪና ለእንድሪያስ ደውዪልኝ።"

ፌቨን አልተነሳችም። "በምን እጅሽ ልትሠሪው ነው? ራስሽ እምቢ ብለሽው የለ? ከውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ።"

"ደውዪልኝ አልኩ።"

ደላላው በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ስልኩን አላጠፋም ነበር።

"እንድሪያስ፣ ቀብዱን ጠዋት ይዘህ ና" አለች ሻሺቱ በአማርኛ።

"እሰይ! እጅሽ ተሻለው?"

"እጄ ምን ሆነ?" አለችና ስልኩን ለልጇ መለሰች።

ፌቨን ስልኩን ይዛ ቆመች። ፊቷ ላይ አመዱ ከእንባው ጋር ተላቁጧል። ለአፍታ በዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ሲል ሻሺቱ አየች፤ ሀዋሳ ነበረች። ልጅቷ ልትደብቀው ሞከረች፣ አልተደበቀላትም። ሻሺቱን ከገበያው ይልቅ ይህ አመማት፤ ደግሞም ልጇ ደስ ስላላት ደስ አላት። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ሆድ እንዴት እንደሚያድሩ ራሷም አላወቀችም።

"በቅዳሜው ገበያ አብሬሽ እሸከማለሁ" አለች ፌቨን። "እትዬ ዓለምጸሐይም ይዩኝ፤ ሀሌሉያም ትየኝ። ማንም ይየኝ።"

ይህን ከልቧ ነበር ያለችው። ሻሺቱ ልጇን ከፊቷ አስቀድማ፣ ጀርባዋ ላይ ሸክላ አሳዝላ፣ በቁልቁለቱ ስትወርድ ታያት። በኬሻው ዳር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ታያት። እሺ በዪ፣ እሺ በዪ አላት ልቧ።

"ተዪው" አለች። "ሀዋሳ የምልክሽ እንዳትታዪ ነው። ቅዳሜ ከታየሽማ ምኑን ከፈልኩት?"

ደረቁን የኮባ ቅጠል ጎትታ በድስቶቹ መካከል መጠቅጠቅ ጀመረች። ለሁለት ሰው የሚበቃ ዕቃ ነበር። ግማሹን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ተወችው፤ የቀረውን አንድ ላይ ሰብስባ ገመዱን አዞረችበት።

"ይልቅ ነይ፣ ይህን ገመድ አጥብቂልኝ" አለች። "እጄ እምቢ አለኝ።"

ፌቨን ተንበርክካ ለአንድ ሰው በታሰረው ሸክም ላይ ገመዱን አጠበቀች።